እንዶድ በጥቅስ ሚዛን፦ የአንድ ተመራማሪ ሥራ በምን ይለካል?

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የመርካቶ ገበያ ቅመማ ቅመምና የባህል መድኃኒት ወደሚሸጥበት ተራ ጎራ ያለ ሰው፣ በኮሶውና በጦስኙ፣ በጤና አዳሙና በጥቁር አዝሙዱ መካከል ደርቆ የጠቆረ ትንሽ ፍሬ ያገኛል። እንዶድ ነው። ሳሙና በየሱቁ ከመዳረሱ በፊት የአገሬው ሰው ጋቢውንና ነጠላውን ያነጣ የነበረው በዚህ ፍሬ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ እድፍም ያስለቅቃል። ሻጯም ገዢዋም ይህን ከእናቶቻቸው የተማሩት እንጂ ከመጽሐፍ ያገኙት አይደለም።

ይኸው ፍሬ ግን ከገበያው ውጭ ሌላ ታሪክ አለው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ኢትዮጵያዊው የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ካስተዋሉ በኋላ፣ እንዶድ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ስሙ የሚነሣ ዕፅ ሆኗል። የዶክተር አክሊሉ የኅትመትና የጥቅስ ታሪክ በዛሬው ጊዜ ብዙ የሚነገርለትን አንድ ጥያቄ ለመመርመር የተመቸ ነው። ጥያቄውም፣ የአንድ የሕክምና ተመራማሪ ሥራ በታተሙለት ጽሑፎች ቁጥርና በተጠቀሰበት ጊዜ ብዛት በትክክል ሊመዘን ይችላልን? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኅትመትና ጥቅስ

የሳይንስ ግኝት ከተመራማሪው ማስታወሻ ደብተር ወጥቶ የሕዝብ ዕውቀት የሚሆነው ሲታተም ነው። ለመጽሔት የቀረበ ጽሑፍ በሙያው አቻ በሆኑ ሰዎች ይገመገማል፤ ዘዴው ይፈተሻል፤ ድምዳሜው ከማስረጃው ጋር ይመዛዘናል። ይህን አልፎ ሲታተም ሌላው ተመራማሪ ሊደግመው፣ ሊያርመው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። የኅትመት ዝርዝር ማለት እንግዲህ አንድ ሰው ለዚህ ፍተሻ ያቀረባቸው ሥራዎች መዝገብ ነው።

ጥቅስ ደግሞ ኋለኛው ጸሐፊ ለፊተኛው የሚከፍለው የምስጋና ዕዳ ነው። አንድ ተመራማሪ በሌላው ሥራ ሲጠቀም ከየት እንዳገኘው በዋቢ ዝርዝሩ ያመለክታል። ይህ ልማድ የቆየ ቢሆንም፣ ዋቢዎችን በስፋት ሰብስቦ መቁጠር የተለመደው ከስልሳ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ለንባብ ሲያበቁ፣ አንድ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ እነማን እንደተጠቀሙበት ወደ ፊት ተከትሎ ማየት ተቻለ። የማውጫው ዋና ዓላማ ተመራማሪዎችን ማወዳደር አልነበረም፤ ጽሑፍ ፍለጋን ማቅለል ነበር። መመዘኛ የሆነው ከጊዜ በኋላ ነው።

የሚታወቁት የቁጥር መለኪያዎች

ዛሬ በተለምዶ የሚሠራባቸው መለኪያዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጠቅላላ የጥቅስ ብዛት ሲሆን፣ የአንድ ሰው ጽሑፎች በሌሎች የተጠቀሱበት ጊዜ ድምር ነው።

ሁለተኛው የመጽሔት የተጽዕኖ መለኪያ ይባላል። አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በተያዘው ዓመት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ፣ በእነዚያው ሁለት ዓመታት ለወጡት ጽሑፎች ብዛት ይካፈላል። ለምሳሌ በሁለት ዓመት 100 ጽሑፎች ያሳተመ መጽሔት በሦስተኛው ዓመት 150 ጊዜ ቢጠቀስ መለኪያው 1.5 ይሆናል። ይህ የመጽሔቱ አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ጽሑፍ ዋጋ አይደለም። በማንኛውም መጽሔት ውስጥ ጥቂት ጽሑፎች አብዛኛውን ጥቅስ ስለሚወስዱ፣ በታላቅ መጽሔት የታተመ ሁሉ ብዙ ይጠቀሳል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረቡት ኤች-ኢንዴክስ ነው። አምስት ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ እያንዳንዳቸው 40፣ 12፣ 5፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰውለት ቢሆን ኤች-ኢንዴክሱ 3 ነው፤ ቢያንስ 3 ጊዜ የተጠቀሱ 3 ጽሑፎች አሉት፣ ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች ግን የሉትምና። የመጀመሪያው ጽሑፍ በ40 ፈንታ 4,000 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ውጤቱ ያው 3 ይሆናል። መለኪያው ለረዥም ጊዜ በተከታታይ ያሳተመን ያከብራል፤ አንድ ታላቅ ነገር ያገኘን ግን ለይቶ አያይም።

ከአድዋ ወንዝ ዳር

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1964 በአድዋ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የማውጫው መታተምና የአድዋው ምልከታ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው እንዲያው አጋጣሚ ነው።

የምልከታው ክብደት የሚታወቀው ከበሽታው ዑደት ነው። የቢልሃርዚያ ትል ዕንቁላል ከታማሚው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ በውሃ ውስጥ የተፈለፈለው እጭ በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች ሰውነት ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ያልፋል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ዑደቱ ይቋረጣል። በዘመኑ ለዚሁ ተግባር የሚያገለግሉት ኬሚካሎች ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገቡ ነበሩ። በየጓሮው የሚበቅል ዕፅ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ከሆነ፣ በሽታው የሚያጠቃው ገበሬ መድኃኒቱን ራሱ ሊያመርተው ይችላል ማለት ነው።

ሥራው የት የት ታተመ?

የኅትመቱን ታሪክ ደረጃ በደረጃ መመልከት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው አጭር ዘገባ የወጣው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። ግኝቱ በቅድሚያ የቀረበው ለአገር ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ በ1970 በዓለም የጤና ድርጅት ቡለቲን ላይ የቤተ ሙከራውንና የመስኩን ግምገማ የያዘ ሰፊ ጽሑፍ ታተመ። ዶክተር አክሊሉ በእንዶድ ብቻ አልተወሰኑም። በ1969 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ስላለው የቆዳ ሌይሽማንያሲስ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የተገኘው ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተካሄደው የአምስት ዓመት የመስክ ጥናት ነው። በከተማዋ ውሃዎች ውስጥ እንዶድ በተከታታይ ተጨምሮ ከቆየ በኋላ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ የሚገኘው ትል ከብዙ ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፤ በሕፃን ላይ የሚገኘው ግን የቅርብ ጊዜ መተላለፍን ያሳያል።

ሆኖም ይህ ውጤት የቀረበው በ1975 በካይሮ በተደረገ ዓለም አቀፍ የቢልሃርዚያ ጉባኤ ሲሆን፣ የታተመውም በ1978 በጉባኤው የጽሑፎች ስብስብ ውስጥ ነበር። የጉባኤ ስብስብ በጥቂት ቤተ መጻሕፍት ብቻ የሚገኝ፣ ብዙዎቹ የጥቅስ መረጃ ቋቶችም የማይመዘግቡት የኅትመት ዓይነት ነው። ስለዚህ ከሥራዎቹ ሁሉ ለሕዝብ ጤና የቀረበው ማስረጃ፣ ለቆጠራ ከማይመቹት ሥፍራዎች በአንዱ ተቀመጠ። በ1983 በሉሳካ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የእንዶድ ዐውደ ጥናትም ውጤቱ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው በመጽሐፍ መልክ ነው።

ዕውቅናው ለምን ዘገየ?

አንደኛው ምክንያት የደኅንነት ማስረጃ ነው። አንድ ንጥረ ነገር ወደ ሕዝብ ውሃ ከመጨመሩ በፊት ለሰውና ለአካባቢ ያለው ጉዳት በታወቀ የቤተ ሙከራ ሥርዓት መመርመር አለበት። ይህ ጥያቄ በራሱ ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣንም እንደሚገድል የታወቀ በመሆኑ ጥንቃቄው አላስፈላጊ አልነበረም። ችግሩ ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና መሣሪያ ግኝቱ በተገኘበት አገር አለመኖሩ ነበር። በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተካሄደው የደኅንነት ግምገማ በመጽሔት የታተመው በ1991 ነው። ከመጀመሪያው ዘገባ እስከዚህ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏል። ዶክተር አክሊሉ ባደረጓቸው ንግግሮች፣ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በሌላው ዓለም በቀላሉ እንደማይታመን በምሬት ገልጸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሙያው መንገድ መለወጡ ነው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሲዳረስ፣ ቢልሃርዚያን መቆጣጠር ማለት ቀንድ አውጣን መግደል መሆኑ ቀርቶ ሰውን በጅምላ ማከም ሆነ። ስለ ቀንድ አውጣ የሚጽፉ ሰዎች ሲቀንሱ ስለ ቀንድ አውጣ የተጻፈውም የሚጠቀስበት ጊዜ ይቀንሳል። ይህ የጽሑፎቹን ጥራት አይነካም፤ ገዢ የቀነሰበት ዕቃ የግድ የተበላሸ ዕቃ አይደለምና። መድኃኒት መስጠት ብቻውን ዳግም መያዝን እንደማይከለክል እየታወቀ ሲሄድ ግን፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 ቀንድ አውጣ ገዳዮችን በመስክ ስለመጠቀም የሚያስረዳ መመሪያ አወጣ። አርባ ዓመት ያረጀ ጥናት እንደገና የሚፈለግበት ጊዜ ይመጣል።

ሦስተኛው ምክንያት ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ የሚያጎድል ነው፤ የስም ጉዳይ። የጥቅስ ማውጫዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ኅብረተሰብ ነው። አክሊሉ ለማ በማውጫው የሚገኙት በአባታቸው ስም ሲሆን፣ «ለማ» የሚባል አባት ያለውና የራሱ ስም በ«አ» የሚጀምር ተመራማሪ ሁሉ አብሯቸው ይሰለፋል። ወልደ ዮሐንስን የመሰለ ድርብ ስም ደግሞ አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ፣ አንዴ በመጀመሪያው ቃል ብቻ ይመዘገባል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም የአንድ ሰው ስም ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ይለዋወጣል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ሲቆጠር፣ ሦስት ሰዎችም አንድ ሆነው ሲቆጠሩ ኤች-ኢንዴክስ የሚሉት ቁጥር እምነት የሚጣልበት አይሆንም።

አራተኛው የመረጃ ቋቶቹ ልዩነት ነው። ዌብ ኦፍ ሳይንስና ስኮፐስ የመረጧቸውን ኅትመቶች ብቻ፣ በዋናነትም መጽሔቶችን፣ ይቆጥራሉ፤ ጎግል ስኮላር መጽሐፍንና የመመረቂያ ጽሑፍን ጭምር ያካትታል። የአንድ ተመራማሪ የጥቅስ ብዛት በሦስቱ ዘንድ ሦስት የተለያየ ቁጥር የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ቁጥሩ ከየትኛው ቋትና መቼ እንደተወሰደ ሳይነገር ሲጠቀስ ትርጉም የለውም።

ቁጥሩ የማያየው ሥራ

በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ለዶክተር አክሊሉ ለማና ለዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በጋራ ተሰጠ። ዶክተር ለገሰ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያወዳደሩ፣ ኃይላቸው የበረታውንና ምርታቸው የተሻለውን በመምረጥ ላይ የደከሙ ሰው ናቸው። ዓይነት 44 በመባል የሚታወቀው እንዶድ የዚህ ጥረት ፍሬ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚያስገኘው የጽሑፍ ብዛት ግን ጥቂት ነው። ጽሑፍ ብቻ የሚቆጥር ሚዛን ዘርን የመረጠውን ሰው አቅልሎ ያየዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ለለዩት ገዳይ ሳፖኒን «ለማቶክሲን» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙን የሚያነሡ ጽሑፎች ሁሉ ተመራማሪውን ያስታውሳሉ፤ ነገር ግን የ1965ቱን ዘገባ በዋቢነት ካልመዘገቡ በቆጠራ አይገቡም። በኋላም እንዶድ በሰሜን አሜሪካ የውሃ ቧንቧዎችን የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎለኛ እንስሳ እንደሚገድል ተደርሶበት በ1990ዎቹ የፈጠራ መብት ተመዘገበበት፤ ዕፁንና ዕውቀቱን ያቆየው ሕዝብ ድርሻው ምንድን ነው የሚል ክርክርም ተነሣ። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ2006 ነው።

ይህ ነጥብ ወደ መርካቶ ይመልሳል። ሄልሙት ክሎስና የሥራ ጓደኞቻቸው፣ ዶክተር አክሊሉም አብረው፣ በ19 የኢትዮጵያ ገበያዎች የሚሸጡትን የባህል መድኃኒት ዕፅዋትና ለሕዝብ ጤና ያላቸውን ትርጉም አጥንተው በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ገበያ ለሕክምና ተመራማሪ የመረጃ ምንጭ ነው። ሰው ለየትኛው ሕመም ምን እንደሚገዛ፣ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ በምን እንደሚመረዝ የሚታወቀው ከዚያ ነው። እንዶድ ራሱ ለኮሶ ትልና ለውርጃ እየተባለ የሚወሰድ፣ መጠኑ ሲያልፍ የሚመርዝ ዕፅ መሆኑን በድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ሊያውቅ ይገባል። እንዲህ ያለው ጥናት በሎንዶን ወይም በቦስተን ብዙ ላይጠቀስ ይችላል፤ ለአዲስ አበባ ሐኪም ግን ከፍተኛ የተጽዕኖ መለኪያ ካለው መጽሔት ጽሑፍ ይልቅ ሊጠቅመው ይችላል። በጥቅስ ሰንሰለቱ የመጀመሪያ ጫፍ ያሉት የአድዋ ልብስ አጣቢዎች ግን በአንድም የዋቢ ዝርዝር ስማቸው የለም።

ለዛሬው ተመራማሪ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ቁጥር አይጠቅምም የሚል አይደለም። የጥቅስ ቆጠራ በአንድ የሙያ መስክ ውስጥ ያለን የሃሳብ ፍሰት ያሳያል፤ ባለሥልጣን በዝምድና ከሚሰጠው ፍርድም ሊሻል ይችላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ለዕድገትና ለገንዘብ ድጋፍ ብቸኛ መስፈርት ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አንዱን ጥናት ለአምስት መቆራረጥ፣ ያልሠራን ሰው ስም ማስገባት፣ ሳይገመግሙ ገንዘብ ተቀብለው በሚያትሙ መጽሔቶች መጠቀም ይለመዳል። በ2013 ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ፣ የመጽሔትን የተጽዕኖ መለኪያ የግለሰብ ተመራማሪ መመዘኛ አድርጎ መውሰድ እንዲቀር የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

የአገራችን ተመራማሪ ግን በእጁ ያሉ መፍትሔዎች አሉት። ስሙን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማቅረብና ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ መለያ ቁጥር መያዝ የስምን መደበላለቅ ያስቀራል። በጉባኤ ያቀረበውን ውጤት በጉባኤ ስብስብ ብቻ ሳይተው በተገመገመ መጽሔት ማሳተም፣ የካይሮው ዓይነት መሰወር እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። በአገር ውስጥ መጽሔት የታተመ የአገር ልጅ ሥራ ለጥናቱ የሚጠቅም ሲሆን ፈልጎ መጥቀስም የይሉኝታ ጉዳይ ሳይሆን የሳይንስ ግዴታ ነው። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ የኢትዮጵያን መጽሔት ሳይጠቅስ የውጭ ሰው እንዲጠቅስለት መጠበቅ አይችልም።

ገምጋሚዎችም አንድን ተመራማሪ ሲመዝኑ ስንት ጻፈ ከማለታቸው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው። ምን አገኘ? ያገኘው በሌላ ተፈትኖ ጸና ወይ? ለታማሚው ወይም ለሙያው ምን ለወጠ? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1997 ሲያርፉ እንዶድ እርሳቸው እንዳሰቡት በየመንደሩ የሚመረት የቢልሃርዚያ መከላከያ አልሆነም ነበር። ዛሬም አልሆነም። በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመዘን ግኝቱ እውነተኛ ነው፤ ፈተናውን አልፏል፤ ሦስተኛው መልስ ግን ገና በእንጥልጥል ላይ ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም የጥቅስ ቁጥር አያሳየውም፤ የሚሞላውም ሌላ ጥቅስ ሳይሆን በአድዋ የተጀመረውን ሥራ የሚቀጥል ተመራማሪ ነው። ፍሬው እንደሆነ ዛሬም ከመርካቶ ተራ አልጠፋም።